ጊታር በኦንላይን ያዋጣል? የሚሰማህ ሰው ካለ

የእህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው። ባለፈው እሑድ ቡና እየተፈላ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ቁጭ አለና «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ያዋጣል?» አለኝ። በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት የጊታር ኮርስ ነው። አንድ ፀጉሩን ያስረዘመ ፈረንጅ ነጭ ግድግዳ ፊት ተቀምጦ ፈገግ ይላል፤ ከሥሩ በ30 ቀን ጊታር ትጫወታለህ ዓይነት ነገር ተጽፏል። እናቱ ከጓዳ «መጀመሪያ ማትሪኩን ይለፍ!» አለች። እሷን ለጊዜው እንለፋት።

መልሴ አጭር ነበር። ትምህርቱ ያዋጣል፣ ክፍያው አያዋጣም፣ ብቻህን ከሆንክ ግን ትምህርቱም አያዋጣህም። ልጁ ግራ ገባው፤ እውነቱን ነው፣ ስለዚህ እዚህ ዘርዘር ላድርገው።

እኔም የጀመርኩት በዩቲዩብ ነው። ጊታሩን የሸጠልኝ ሰውዬ ራሱ መጫወት አይችልም፤ «አሪፍ ዕቃ ነው፣ ውሰደው» አለኝ፣ ወሰድኩት። ኢ ማይነር፣ ጂ፣ ሲ፣ ዲ እያልኩ ኮርዶቹን፣ ማለትም አብረው የሚመቱትን ድምፆች፣ አንድ በአንድ ያዝኩ። ኤፍ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ለማያውቀው፣ ኤፍ ማለት በሌባ ጣትህ ስድስቱንም ክር ባንዴ ተጭነህ የቀረውን በሌሎቹ ጣቶች የምትይዝበት ኮርድ ነው፤ ስንቱን ጀማሪ ጊታሩን አልጋ ሥር እንዲከት ያደረገ። ስምንት ወር ታገልኩት። ቪዲዮውን ስንቴ እንዳየሁት እግዜር ይወቀው። አስተማሪው «ልምምድ ነው፣ ጣታችሁ ይጠነክራል» ይላል፣ እኔም ጣቴ እስኪጠነክር እጠብቃለሁ፣ ሁለተኛዋ ክር ግን ጭራሽ አትጮህም፤ ጥፍ፣ ጥፍ ትላለች። በማይክ እየሰማ የሚያርም መተግበሪያም ሞክሬ ነበር። ክሯ ሞታ አረንጓዴ አበራልኝና «ጎበዝ» አለኝ።

አንድ ቀን እዚያው ግቢ የሚከራይ፣ መዝሙር የሚያጅብ ልጅ በሩን አንኳኳ። «ወንድሜ ይቅርታ፣ አንዴ ልየው?» አለ። ስምንት ወር ሙሉ በግድግዳው በኩል ሲሰማኝ ከርሟል፣ ምስኪን። እጄን አላየም። ጊታሩን ተቀብሎ አናጢ ጣውላ እንደሚያይ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን አየ። 12ኛው ፍሬት ላይ (ፍሬት አንገቱ ላይ የተደረደሩት የብረት ዘንጎች ናቸው) በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለው ክፍተት ሁለት ወይ ሁለት ከግማሽ ሚሊሜትር ቢሆን ደንበኛ ነው፤ የኔ እጥፉን ያህል ነበር። «አንተ ምንም አልሆንክም፣ ጊታሩ ነው» አለኝ። ክሮቹን አላልቶ ታች የሚያርፉባትን ነጭ ቁራጭ አወጣና ሥሯን ብርጭቆ ወረቀት ላይ ፈገፈጋት። መልሶ ቃኘው። ከዚያ ክርኔን ወደ ጎኔ አስጠጋ፣ ሌባ ጣቴን ትንሽ ወደ ጎኑ ጋደም አደረጋት፣ «በል ምታው» አለኝ።

ኤፍ ጮኸ። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም።

ኦንላይን ትምህርት ላይ ያለኝ ቅሬታ ይኸው ነው፤ የማስተማር ችሎታ አላነሰውም። በፈረንጆቹ ከ2003 ጀምሮ ድረ ገጹ ላይ በነፃ የሚያስተምረው አውስትራሊያዊው ጀስቲን ሳንደርኮ ትዕግሥቱም አቀራረቡም ልዩ ነው፤ ከዜሮ ለሚነሳ ሰው ቅደም ተከተሉ ያለቀለት ነው። ቪዲዮ ደግሞ አይሰለችም። ድምፁ ሳይወፍር ፍጥነቱን በግማሽ ትቀንሳለህ፣ ሃያ ጊዜ ትመልሰዋለህ፣ የትኛው አስተማሪ ነው ሃያ ጊዜ የሚደግምልህ? ግን ያ ሰው የአንተን ጊታር አያየውም። ክርህ ከፍ ማለቱን፣ ትከሻህ መወጠሩን፣ አውራ ጣትህ አንገቱን እንደ መጥረጊያ እጀታ ጨብጦ መያዙን አያውቅም። አንተም አታውቅም፤ ጀማሪ ነህና።

የጊታር አምራቹ ድርጅት የፌንደር ዋና ኃላፊ የነበሩት አንዲ ሙኒ አዲስ ከሚጀምሩት 90 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት ይተዉታል ብለው ነበር። ድርጅቱም በፈረንጆቹ 2017 የራሱን የኦንላይን ትምህርት ከፈተ። (ጊታር ሻጭ መሆናቸውን አትርሱ፤ ያልተወ ሰው ሁለተኛ ጊታር ይገዛል።) ከሚተዉት ውስጥ ስንቱ ሰነፍ እንደሆነ፣ ስንቱ ደግሞ እንደኔ የተበላሸ ዕቃ ይዞ በራሱ የፈረደ እንደሆነ ማን ቆጠረ?

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በነፃ ያለው ትምህርት ለመጀመሪያው አንድ ዓመት ከበቂ በላይ ነው። መቃኛም ቢሆን ጊታርቱና የሚባለውን በነፃ አውርደህ ትገላገላለህ። ዶላሩ ከሐምሌ 2016 በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፣ ከዚያ በኋላ መቶን አልፎ ሄደ፤ ካርድ ያለው ዘመድ ለምነህ በየወሩ ከምትከፍል ያንኑ ብር ሰብስበህ በወር አንዴም ቢሆን ከሚጫወት ሰው ጋር ቁጭ በል። የግድ ከያሬድ ትምህርት ቤት የተመረቀ መሆን የለበትም። መዝሙር የሚያጅብ ይሁን፣ ሆቴል የሚጫወት ይሁን፣ ጆሮ ይኑረው። ለቪዲዮው ደግሞ ዳታህን አትጨርስ፤ ዋይፋይ ስታገኝ አውርደህ ያዝ። ትምህርቱ መሃል ላይ ያቺ ክብ ነገር መዞር ስትጀምር ጊታሩን መስበር ነው የሚያምርህ።

የሰፈሬ ሰው ጊታር የሚገዛው ብዙ ጊዜ የራሱን ዘፈን ሊጫወት ነው፤ ከሮሃ ባንድ ዘመን ካሴቶች ላይ የሰላም ስዩምን ጊታር ሰምቶ የቀና ሰው «ሀገሬን» ይፈልጋል። የፈረንጁ ኮርስ ፔንታቶኒክ (ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት) ብሎ የሚያስተምርህ ሁለት ነገር ነው፤ ማጀሩ የኛ ትዝታ ማጀር ነው፣ ማይነሩ ደግሞ ባቲ ማይነር። ሳታስበው ሁለት ቅኝት ይዘህ ወጣህ፣ እሰይ። አምባሰልና አንቺሆዬ ግን እዚያ የሉም፣ ሙሉ ኮርሱን ጨርሰህም አታገኛቸውም። አሁኑኑ ሞክረው። አንድ ክር ያዝ፣ ባዶዋን ምታ፣ ከዚያ 1ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ፣ 8ኛ ፍሬት፣ መጨረሻ 12ኛ። አምባሰል ነው። ባዶዋን፣ 1ኛ፣ 5ኛ፣ 6ኛ፣ 9ኛ ካልክ ደግሞ አንቺሆዬ። ከቀኝ እጁ ጋር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ኮርሱ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እያለ ሲያስቆጥርህ ከርሞ ችክችካ ሲመጣ እጅህ ይተሳሰራል። ስድስት ስምንተኛ የሚባለውን የችክችካ ምት ክንድህ ውስጥ የሚከትልህ ከሚያጨበጭብ ሰው ጋር መጫወት ነው።

በቪዲዮ ጥሪ ከአስተማሪ ጋር ፊት ለፊት መማርስ? ይሄኛው ይሻላል፣ ቢያንስ ያይሃል። ቨርጂኒያ ያለች የአክስቴ ልጅ ለልጇ እንዲህ አስጀምራለታለች፤ እዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን እዚህ ማታ 3 ሰዓት ነው፣ አስተማሪው እራቱን በልቶ ይቀመጣል። አብረው መጫወት ግን አይችሉም። ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። ዙም ደግሞ ጊታሩን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆርጠዋል፤ «ኦሪጅናል ሳውንድ» የሚለውን ማብራት አለብህ። ይህን የሚያውቅ አስተማሪ ከገጠመህ ያዘው። ከአዲስ አበባ ውጭ ላለ ሰው፣ የሚያየው ጊታሪስት በአካባቢው ለሌለ፣ ይሄኛው ላይ ብር ቢያወጣ አልከራከርም።

ለልጁ ያልኩት ይህንን ነው። ኮርሱን ተወው፣ ነፃውን ጀምር፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቅዳና በቴሌግራም ላክልኝ። እናቱ «በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ» ብላ ፈርማለች።

የመጀመሪያው ቅጂ ማክሰኞ ማታ ደረሰኝ። ሲ ኮርድ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ከጀርባ ውሻ ይጮሃል። «ጋሼ እንዴት ነው?» ይላል ከሥሩ። ሦስተኛዋ ክር ሞታለች፤ አራተኛዋን የያዘው የመሃል ጣቱ እየነካት ነው። ጣቱን ቀጥ አድርጎ በጫፉ እንዲጫን፣ ጥፍሩንም እንዲቆርጥ ጻፍኩለት። ቅዳሜ ጊታሩን ይዞ ይመጣል፣ የክሩን ከፍታ ላየው።