ያልገባው ክፍልፋይ ነበር
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ከፍተኛ ሒሳብ ለሁሉም ጭንቅላት አልተፈጠረም» ይላል። እኔ በፍጹም አልስማማም። ካልኩለስ የሚባለው ከፍተኛ ሒሳብ አይገባኝም ብሎ ተስፋ የቆረጠ ልጅ አስጠንቼ ነበር። ደብተሩን ሳገላብጥ ለካ ችግሩ ሌላ ነው፤ ግማሽና ሲሶ ሲደምር ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሮ 2/5 ይጽፋል። ስንት ዓመት ማንም ሳያይለት አልፏል! ሦስት ሳምንት ክፍልፋይ ላይ ብቻ ቆየን፤ ከዚያ በኋላ ካልኩለሱን ራሱ እየሠራ ያሳየኝ ጀመር።

አሜሪካዊው የትምህርት ሥነ ልቦና ተመራማሪ ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ለብቻው አስጠኚ ያገኘ መካከለኛ ተማሪ በተለመደው ክፍል ከተማሩት 98 በመቶውን ይበልጥ ነበር። የኋላ ጥናቶች ልዩነቱን አነስ አድርገው ቢያገኙትም ጥቅሙን አልካዱም። ሁሉም እኩል ይፈጥናል አላልኩም። ግን አንዱን ልጅ «አይችልም» ከማለታችን በፊት የቱ ጋ እንደቀረ ማን ቁጭ ብሎ አየለት?