እርማት፦ ኦዲ መርፊ የወጣው ታንክ ላይ አልነበረም

«ኦዲ መርፊ የሚነድ ታንክ ላይ ወጥቶ ብቻውን 50 ጀርመኖችን ገደለ» ያልከው ወንድሜ፣ ጀግንነቱ እውነት ነው። ወሬው ግን ትንሽ ተጋኗል። መርፊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋ አሜሪካዊ መኮንን ነበር፤ ነገሩ የሆነው እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1945፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሆልትዝቪር አጠገብ፣ በረዶ ላይ ነው። የወጣበት ታንክ ሳይሆን ኤም 10 የሚባል ፀረ ታንክ ተሽከርካሪ ነበር። ለዚህ ጀግንነቱ የተሰጠው የአሜሪካ የክብር ሜዳሊያ ጽሑፍም የሚለው «50 ያህል ገደለ ወይም አቆሰለ» ነው።

«ብቻውን» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ወታደሮቹን ወደ ጫካው እንዲያፈገፍጉ አዞ፣ እሱ ከፊት ቀርቶ በስልክ የመድፍ ተኩስ ይመራ ነበር። መድፈኞቹን ግን ማን ያስታውሳቸዋል! ከዚያ ነው ሊፈነዳ የሚችለው ተሽከርካሪ ላይ ወጥቶ አንድ ሰዓት ያህል በመትረየስ የተዋጋው። እግሩ ቆስሎም ሕክምና እምቢ ብሎ የመልሶ ማጥቃቱን አስተባበረ።