ቀስ ማለት ብቻውን አያድንም

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ «ብስክሌተኛ ቀስ ካለ ከአደጋ ይድናል» ይላል። ግማሹ ልክ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ስትነዳ በአንድ ሰከንድ ከ8 ሜትር በላይ ትሄዳለህ፤ ፍሬን ልያዝ ብለህ እስክታስብ የሁለት መኪና ርዝመት አልፈሃል ማለት ነው። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ደግሞ የግጭቱ ጉልበት 4 እጥፍ ይሆናል። እሺ፣ እዚህ ላይ ተስማማን።

ግን ቀስ እያልክ የቆሙ መኪኖችን ታክከህ ከሄድክስ? አንዱ ኋላውን ሳያይ በሩን ብርግድ ሲያደርገው የት ትገባለህ? የበሩ ጠርዝ መሪህን ጫፉን ከነካው መሪው ወደ በሩ ይታጠፋል፣ አንተ ግን የምትወድቀው ወደ መንገዱ መሃል፣ ከኋላ የሚመጣው መኪና ፊት ነው። ስለዚህ ከቆመ መኪና ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ራቅ በል፤ ከኋላህ ክላክስ የሚያደርገው ያድርግ፣ ምን አገባህ!

በከባድ መኪናና በመንገዱ ጠርዝ መካከል መግባትማ በየትኛውም ፍጥነት አይሞከርም። ሹፌሩ ሊታጠፍ ሲል በመስታወቱ ላያይህ ይችላል። ዝናብ ሲሆን ግን አዎ፣ ቀንስ። ቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን መጀመሪያ ውሃውን ሳይጠርግ በደንብ አይዝም።