ክብር ለርግጫ ሊቃውንት

ባለፈው ሐሙስ፣ ገበያው በደመቀበት ሰዓት፣ በጅማ መርካቶ ዳር አንዲት ቪትዝ ቆማ ነበር። የፊት ቀኝ ጎማዋ ጎኑ ላይ የግማሽ እንቁላል ያህል አብጧል። ባለመኪናው ገና ጎንበስ ሳይል ሊቃውንቱ ከተፍ አሉ። እነማን እንደሆኑ ታውቋቸዋላችሁ። መንጃ ፈቃድ የላቸውም፣ ክሪክ ጨብጠው አያውቁም፣ ጎማን በርግጫ የመመርመር ጸጋ ግን ተሰጥቷቸዋል። እጅ ኪስ ይገባል፣ ቀኝ እግር ይነሳል፣ አንድ ጊዜ ድም! ጆሮ ዘንበል ይላል፤ ብይኑም ይወጣል፦ «ወላሂ ምንም አይለውም! አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል።»

የጎማ ፋብሪካዎች ምርታቸውን በራጅ ለመፈተሽ የሚያወጡት ገንዘብ ያሳዝናል። ነጠላ ጫማ ያደረገ አንድ የሂርማታ ጎረምሳ በራቸው ላይ ቢያቆሙ ይበቃቸው ነበር። እርግጥ ነው፣ በንፋስ ግፊት መለኪያው 22 ፒኤስአይ ያለው ጎማና 32 ያለው ጎማ ለእግር ጣት አንድ ናቸው። ልዩነቱን የሚናገረው ጌጅ፣ የንፋስ መለኪያው፣ ነው፤ ስንት መሞላት እንዳለበትም የሹፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ ተለጥፏል። ግን ክብሩን የሚያውቅ ሊቅ ጎንበስ ብሎ ወረቀት ያነባል?

ወደ ቪትዟ እንመለስ፣ ምክሩ ገና መጀመሩ ነውና። አንደኛው ሊቅ እብጠቱን በአውራ ጣቱ ተጭኖ «አየር ነው» አለ። ጎማ ውስጥ አየር መገኘቱን ስላበሰረን እናመሰግናለን። ሁለተኛው «ንፋሱን ቀንስለት፣ ይሟሽሻል» አለ። እውነትም ተቀነሰና ሟሸሸ፤ ተጨበጨበ። ንፋስ ያነሰው ጎማ በየዙሩ ጎኑ እየተጣጠፈ እንደሚግል፣ የተጎዳውን ቦታም ያው ግለት እንደሚጨርሰው ያነሳ የለም። ሦስተኛው «ገልብጠህ እሰረው፣ እብጠቱ ወደ ውስጥ ይዙር» አለ። ይህ እንኳ የጠለቀ ፍልስፍና ነው፦ ትራፊክ አያየውም፣ አንተም አታየው፣ ስለዚህ የለም። አራተኛው ካላማዳሪያ ይከተትበት አለ፤ ካላማዳሪያው አየሩን እንጂ በላስቲኩ ውስጥ የተበጠሰውን ሸራ እንደማይቀጥል ረስቶት ይሆናል። አምስተኛው ጎማው ከፊት ተፈቶ ከኋላ እንዲታሰር አዘዘ። የፊት ጎማ ሲፈነዳ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፣ ሹፌሩም መሪውን ጠበቅ አድርጎ ይታገላል። የኋላው ሲፈነዳ ግን ኋላዋ ራሱ ከመንገድ ይሸሻል፣ ያኔ መሪው ብዙም አይረዳ። በመጨረሻ ከበርጩማቸው ሳይነሱ የሚፈርዱት አንጋፋ «እኔ የማውቀው አይሱዙ እንዲህ ያለ ጎማ ይዞ ሁለት ዓመት ቦንጋ ተመላልሷል» ብለው ክርክሩን ዘጉ። የፈነዳባቸው ሰዎች ለምስክርነት ወደ በርጩማው ስለማይመጡ ማስረጃው የማይነቃነቅ ነው።

እንግዲህ ጎማው ራሱ የሚለው ይህን ነው። ጉድጓድ ውስጥ በፍጥነት ሲገባ የጎማው ጎን በቸርኬውና በጉድጓዱ ጠርዝ መካከል ይጨፈለቃል፣ ውስጡ ያሉት የሸራ ክሮች ይበጠሳሉ። ከዚያ በኋላ አየሩን የያዘው ላስቲኩ ብቻ ነው። ጎን ላይ ለሚወጣ እብጠት ጥገና የለም፤ ጎሚስታውም ቢምል አይለጠፍም። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቀረውም የሚነግርህ የለም። ይፈታል፣ ስኮርታ ይገባል፣ አበቃ። በአንጻሩ ጎኑ ላይ ወደ ውስጥ በስሱ የሰረጎደ መስመር ብታይ አብዛኛውን ጊዜ የሸራው መጋጠሚያ ነው፣ አይጎዳም። ሊቃውንቱ ግን በዚህኛው ነው «ወየው!» የሚሉት።

ሚስማር ሲያዩማ ይንቀጠቀጣሉ። አንዱ ፒንሳ ያመጣል፣ መሐል መንገድ ላይ ይነቀላል፣ ፍስስ ይላል፣ «አላልኩህም?» ይከተላል። የጥርሱ መሐል ላይ የተሰካ ሚስማር ግን ከጉዳቶች ሁሉ ቀላሉ ሊሆን ይችላል። አይነቀልም። የሳሙና ውሃ ይፈስበታል፤ አረፋ ካልወጣ ምናልባት ላስቲኩን ብቻ ወግቶ ቆሟል። አረፋ ከወጣና ንፋሱ ቶሎ ካልጎደለ እየሞሉ ቀስ ብሎ እስከ ጎሚስታ ይደረሳል። ቀዳዳው ከ6 ሚሊሜትር ካልበለጠ ጎማው ከቸርኬ ወጥቶ ከውስጥ ተወትፎ ይለጠፋል። በሙጫ የተነከረ ገመድ ከውጭ መወተፍ ጊዜያዊ ነው። ሚስማሩ ጥርሱና ጎኑ ወደሚገናኙበት ትከሻ ወይም ወደ ጎኑ ከሆነ ደግሞ ያው ፍርድ፦ ይጣላል።

አሁን ሽሙጡን ለአፍታ ላቁም። ሸራው የታየ ጎማ ይዞ፣ ሰው ከወንበር በላይ ጠቅጥቆ፣ በሰርቦ፣ በአሰንዳቦ፣ በሶኮሩ አልፎ የጊቤን ቁልቁለት የሚወርድ ሹፌር ደፋር አይደለም። በሰው ልጅ ነፍስ የሚነግድ ነው። «ያደርስሃል» ያለውም አብሮ ነግዷል፤ የኋላ ወንበር ላይ ሕፃን ታቅፋ የተቀመጠችውን እናት ጎማውን አይተሽ ግቢ ያላት የለምና።

ወደ ምስጋናችን። ጥርሱ ያለቀ ጎማ «ለስላሳ ስለሆነ አስፋልት ይይዛል» ያሉትንም አንረሳም። በጥርሱ ቦይ ውስጥ 1.6 ሚሊሜትር ከፍታ ያላት ጉብታ አለች፤ ጥርሱ ከእርሷ እኩል ከሆነ ጎማው ጨርሷል። በጅማ ክረምት ውሃውን የሚያስወጣለት ቦይ የሌለው ጎማ ፍሬን ሲያዝ መንገዱ ላይ ሳይሆን ውሃው ላይ ይንሸራተታል።

የመጨረሻው ሽልማት ለዕድሜ መርማሪው ይሰጥልን። ላስቲክ መጋዘን ተቀምጦም ያረጃል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ስለዚህ ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች ይነበባሉ። 1022 ማለት በፈረንጆቹ 2022 በ10ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። ሊቁ ይህ ሲነገራቸው ትንሽ አሰቡና፣ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጎማው ገና አልተሠራም፣ ያልተሠራ ጎማ ደግሞ አያረጅም ብለው ፈረዱ።