ዳይኖሰር አልፈልግም!

ስዊድን ውስጥ በአርኪዮሎጂ ሙያ ስሠራ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያንኑ ነው። ዳይኖሰር አገኘህ ወይ? ወርቅስ? ኧረ በናታችሁ! ዳይኖሰር የእኔ ሙያ አይደለም። ወርቁም ቢገኝ ኪሴ አይገባም።

እኔን የሚያበግነኝ አፈሩ ነው። የጽድ ደን አፈር አሲዳማ ስለሆነ አጥንት ይበላል። መቃብሩን ተጠንቅቄ እከፍታለሁ፤ ሰውየው የለም! ጠቆር ያለ አፈር ብቻ። የተቃጠለ አጥንት ይሻላል፣ ይተርፋል። ሬሳ ያቃጥሉ የነበሩትን ከልቤ አመሰግናለሁ።

ባሕሩም ጥሎን ሸሽቷል። የነሐስ ዘመን ሰዎች ባሕር ዳር የከመሯቸው የድንጋይ መቃብሮች ዛሬ ጫካ መሃል ናቸው። ድሮ በበረዶ ዘመን አገሩን የሸፈነው ያ ሁሉ የበረዶ ግግር ከቀለጠ በኋላ መሬቱ ሸክሙ ቀሎት ከፍ እያለ ነው። በስዊድንና በፊንላንድ መካከል ባለው በቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ በኩል ዛሬም በዓመት 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይነሳል። ዳገቱን የምወጣው እኔ፣ መዥገር ከእግሬ የምለቅመው እኔ።

እሱስ ይሁን፣ ተፈጥሮ ነው። ሽርሽር የሚመጣው ሰው ግን ምን ነክቶት ነው? 3,000 ዓመት ገደማ የቆየ ክምር ላይ ወጥቶ፣ ድንጋዩን አንስቶ እሳት ማንደጃ ይሠራል። ጭራሽ ፎቶ ይነሳበታል! ሕጉ ቅርስ መነካካትን ይከለክላል፤ ማን ሰምቶ!

ደግሞ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ያለ ፈቃድ ማታ ማታ ቆፍሮ የሚሄድ አለ። እኔ ፈቃዴን ይዤ ስደርስ የሚጠብቀኝ ጉድጓድ ነው። የወሰደው ዕቃ አንድ ቀን ቢመለስ እንኳ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣ ካልታወቀ ምን ይረባኛል?