«ዋት» የሚለው ስም ለኤሌክትሪክ መለኪያ ይገባልን?

የክርክሩ ተሳታፊዎች አንድ የፊዚክስ መምህርና አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መምህሩ፦ ቮልት ከጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ፣ አምፔር ከፈረንሳዊው አንድሬ ማሪ አምፔር፣ ኦም ከጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም ስም መወሰዳቸውን ለተማሪ ለማስረዳት አይከብድም። የመጀመሪያውን ባትሪ የሠራው፣ በኤሌክትሪክ ፍሰቶች መካከል ያለውን ስበትና ግፊት በሒሳብ የቀመረው፣ ፍሰትን ከቮልቴጅ ጋር ያዛመደው እነርሱ ናቸውና ስሙና ሥራው ይገጥማል። ዋት ላይ ስንደርስ ግን ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት ዕድሜውን ያሳለፈው በእንፋሎት ሞተር ላይ ሲሆን፣ ያረፈው በ1819 ነው። ዴንማርካዊው ሳይንቲስት ኧርስቴድ የኤሌክትሪክ ፍሰት የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ ለዓለም ያሳወቀው በማግስቱ ዓመት፣ በ1820 ነው፤ ማመንጫና ሞተር የተወለዱበት ዕውቀት በሙሉ ከዋት ሞት በኋላ የመጣ ነው። ስለሆነም ስሙ ያለ ቦታው የገባ ነው እላለሁ። ክብሩ ይገባ የነበረው በ1841 ፍሰት በሽቦ ውስጥ የሚያመነጨውን ሙቀት ለክቶ ሕጉን ላወጣው ለጄምስ ጁል ነበር።

መሐንዲሱ፦ የተከበሩ መምህር የጠቀሷቸው ዓመታት ትክክል ናቸው፤ መደምደሚያዎን ግን አልቀበልም። ዋት የሚለካው ኤሌክትሪክን ሳይሆን ሥራ የሚሠራበትን ፍጥነት ነው፤ ይህን ፍጥነት የሚገዛና የሚሸጥ ቁጥር ያደረገው ደግሞ ጄምስ ዋት ነው። እርሱና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን ከማዕድን ቆፋሪዎች ክፍያ የሚቀበሉት፣ አዲሱ ሞተር ከአሮጌው የኒውኮመን ሞተር አንጻር ካዳነው የድንጋይ ከሰል ዋጋ አንድ ሦስተኛውን ነበር። ሞተሩን የቢራ ጠማቂዎችና የወፍጮ ባለቤቶች ሲፈልጉት ግን እነዚህ ሰዎች ቀድሞም የሚሠሩት በፈረስ ስለነበር የሚነጻጸር አሮጌ ሞተር አልነበራቸውም። ስለዚህ ዋት ወፍጮ የሚያዞረውን ፈረስ ተመለከተ። ፈረሱ ከመሐል እስከ ዳር 12 ጫማ በሆነ ክብ ላይ በሰዓት 144 ጊዜ ይዞራል፤ የመጎተቻው ጉልበት 180 ፓውንድ ተብሎ ተገመተ። ይህ ሲባዛ በደቂቃ ወደ 32,600 ጫማ ፓውንድ (ጉልበት በርቀት ሲባዛ የሚገኝ የሥራ መጠን) ይመጣል፤ እርሱም 33,000 ብሎ ደፈነው፤ የፈረስ ጉልበት የምንለው ይኸው ነው።

በ1882 በሳውዝሃምፕተን በተካሄደው የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ላይ ዊልያም ሲመንስ፣ በአንድ ቮልት የሚፈስ አንድ አምፔር የሚሰጠው ኃይል «ዋት» ይባል ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት መሆኑን አብሮ ተናግሯል። በዚያ ዘመን ዳይናሞን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ማመንጫን፣ የሚያዞረው የእንፋሎት ሞተር ነበርና፣ ለስንት መብራት የስንት ፈረስ ሞተር እንደሚያስፈልግ ለሚያሰላ ሰው ስሙ ሁለቱን ሙያዎች ያገናኝለታል።

መምህሩ፦ የፈረሱን ነገር ካነሱ፣ ሞተርን ከፈረስ ጋር ማነጻጸርን ዋት አልጀመረውም፤ ከእርሱ በፊት የእንፋሎት ሞተር የሠራው እንግሊዛዊ ቶማስ ሴቨሪ በ1702 አስቀድሞ ጽፎታል። ቁጥሩም ቢሆን አማካይ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ሊዘልቀው ከሚችለው በላይ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ነጥቤ ግን ስለ ማገናኘቱ ያሉት ነው። ሜካኒካዊ ሥራ፣ ሙቀትና ኤሌክትሪክ በአንድ መለኪያ የሚሰፈሩ መሆናቸውን በሙከራ ያሳየው ጁል ነው። በሚወርድ ክብደት ውሃ ውስጥ መቅዘፊያ እያዞረ የውሃውን ሙቀት ባይለካ ኖሮ፣ ሲመንስ የፈረስን ጉልበት በቮልትና በአምፔር የሚመነዝርበት መሠረት ከየት ይገኝ ነበር? በብሪታንያ ጉባኤ ፊት የብሪታንያ ኢንዱስትሪ ጀግና መመረጡ፣ እኔ እንደማየው፣ ከሳይንሳዊ ውለታ ይልቅ ለአገር ክብር ያደላ ነው።

መሐንዲሱ፦ ሲመንስ በጀርመን ተወልዶ ያደገ ሰው መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል፤ በዚያው ንግግሩም የሙቀት መለኪያ በጁል ስም እንዲጠራ ሐሳብ ስላቀረበ ጁልን ረስቶታል ማለት አይቻልም። ዛሬ አንድ ዋት ማለት በሰከንድ አንድ ጁል ማለት ነው፤ የሥራው መጠን ለጁል፣ ፍጥነቱ ለዋት ተሰጥቷል። ሴቨሪ ንጽጽሩን አሰበ እንጂ ውል የሚፈረምበት ቁጥር አላወጣም፤ መለኪያ ደግሞ ሁሉም የሚስማማበት ቁጥር ይፈልጋል እንጂ የፈረሱ ብርታት ወይም ድካም አያጎድለውም። 3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ያው ኃይል በዋት ስሌት አምስት ፈረስ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ከ1960 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ዋትን የማንኛውም ኃይል መለኪያ አድርጎታል፤ የመኪና ሞተርም በኪሎዋት ይጻፋል። ስለዚህ መምህር፣ ዋትን ከቮልትና ከኦም ተርታ አውጥተው በሜካኒክስ ምዕራፍ ከጁል ቀጥሎ ቢያስተምሩት፣ ተማሪዎ የሚያገኘው ስም ከባለቤቱ ሥራ ጋር የገጠመ ነው።