ዋጋው ጭስን ይጨምራል

የጉዞ አዘጋጆች፣ እባካችሁ አንድ ነገር አብራሩልን። በማስታወቂያችሁ ላይ «ዋጋው ድንኳን፣ እራት፣ ቡናና የካምፕ እሳትን ይጨምራል» ብላችሁ ስትጽፉ እሳት የምትሉት የትኛውን ነው? እኛ ከፍለን ያገኘነው ጭስ ነው። ያውም ዓይን የሚልጥ፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ፣ ሹራብ ውስጥ ገብቶ ታጥቦም አልወጣ ያለ ጭስ። ቀናት አልፈዋል፣ ንዴቴ ግን አልበረደም። የበረደው እሳቱ ነው፤ እሱም ሳይሞቅ።

ቅሬታዬ በቦታው ላይ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር። የሄድነው መናገሻ ሱባ ደን ነው። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለ፣ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው የወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት እየተባለ የሚነገርለት ደን ነው። ጥዱን ቀና ብሎ ያየ ሰው ለምን እንደመጣ ይረሳል። በነሐሴ ደግሞ ደን እርጥብ ነው፤ እርጥብ መሆንም አለበት። ደኑ የራሱን ሥራ ሠርቷል። ያልሠራው ገንዘባችንን የተቀበለው ሰው ነው።

ስንመዘገብ አንዲት እኅት «ዝናቡስ?» ብላ ጠይቃ ነበር። የተሰጣት መልስ «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» የሚል ሆነ። አለቀ። ዕቅዱ ይኸው ነበር። አባባሉ ለልጆች ጭፈራ ያምራል፤ ለማገዶ ግን ዋስትና አይሆንም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ዝናቡ መስከረም ከገባ በኋላም እንደሚቀጥል የማያውቅ ማን አለ? መስከረም 16 ቀን ደመራ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የማያውቅስ ማን አለ?

ከከተማ ስንወጣ አውቶቡሱ ላይ ማገዶ የሚባል ነገር አልተጫነም። «እዚያው መንገድ ላይ እንገዛለን» ተባለ። ተገዛም። ዝናብ ሲወርድበት ያደረ የባሕር ዛፍ ሸክም፤ ቅርፊቱ ያልተላጠ፣ በልጥ የታሰረ፣ አንዳንዱም ጫፉ ላይ አረንጓዴ ቅጠሉ ያልረገፈ። ሻጩን አልወቅስም። ሰውየው የሸጠው እንጨት ነው፤ ደረቅ ነው ብሎ አልማለም። ገዢው ግን አንዷን እንጨት እንኳ አንሥቶ ክብደቷን አልገመተም፣ ቅርፊቷን በጥፍሩ አልፋቀም፣ ጫፏን ሰብሮ አላየም። ደረቅ እንጨት ሲሰበር ቀጭ ይላል። እርጥቡ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

አሁን እንቅልፍ የነሣኝን ሒሳብ ስሙኝ። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። 20 ኪሎ ሸክም ገዛችሁ ማለት 10 ሊትር ያህል ውኃ ገዛችሁ ማለት ነው። እንጨት እሳት የሚይዘው ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ ውኃ ያዘለው ክፍሉ ግን ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ከመፍያው ነጥብ ብዙም ፈቅ አይልም። በዚያ ከፍታ ደግሞ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የፈላን ውኃ አትንኖ ለመጨረስ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ ያንኑ ውኃ ከቅዝቃዜው አንሥቶ ለማፍላት ከሚያስፈልገው ስድስትና ሰባት እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ክብሪት በክብሪት ላይ ሲጭር ያመሸው ወጣት፣ አልገባውም እንጂ፣ እሳት እያነደደ አልነበረም። ግማሽ ጀሪካን ውኃ በክብሪት እየቀቀለ ነበር።

ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ደግሞ ያሳዝናል። ከእንጨቱ አንደኛው ጫፍ ስር ጋዜጣ ይነዳል፤ በሌላኛው ጫፍ ከቅርፊቱና ከእንጨቱ መሃል ነጭ አረፋ ይወጣል። አረፋው ይንተከተካል፣ ይንሿሿል፣ ጠብ ጠብ እያለ ይወርድና ከስር ያለችውን የመጨረሻዋን ነበልባል ያጠፋታል። እንጨቱ ራሱ በራሱ ላይ ውኃ ሲደፋ በዓይኔ አየሁ!

በዚህ መሃል ምክር አልጎደለም። እሳቱን የከበበው ሰው የእድር ስብሰባ የተቀመጠ ይመስላል፤ ሁሉም ሐሳብ አለው፣ መጥረቢያ ግን ማንም የለውም። አንዱ «ከላይ ለኩሱት» ይላል፤ ሌላው «ከስር ነው እንጂ» ይላል። አንዱ እፍ ሲል ሌላው በካርቶን ያራግባል፤ ትንፋሹና ካርቶኑ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚነፍሱት። «አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም» ይባላል። እኛ ዘንድ ሰው ሁሉ ፈረደ፣ እንጨቱ ግን አንድም አልነደደም። ጉልቻ እንዲሆን ብሎ ከወንዝ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣም ነበር። ወገኔ፣ ውኃ ውስጥ የኖረ ድንጋይ እሳት ሲነካው በውስጡ ያለው ውኃ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ሊፈነዳ ይችላል። ያዳነን እሳቱ አለመንደዱ ነው።

ከዚያ ቤንዚን መጣ። ቤንዚን የማይመጣበት እርጥብ እሳት አይቼ አላውቅም። በውኃ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ፣ በመጨረሻ በጣም ለቸኮለው ሰው ይደርሳል። ሰውየው ደፋው፤ ቦግ አለ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ጭብጨባው ሳያልቅ ጠፋ። መጥፋቱ አይቀርማ! የነደደው ነዳጁ ነው እንጂ እንጨቱ አይደለም። የቤንዚን ትነት በእንጨቱ ላይ ተንሳፍፎ ይነድና ያልቃል፤ ውኃ የጠጣው ግንድ ፊቱ ጠቁሮ እዚያው ይቀራል። ሰውየው ግን ትምህርት አልወሰደም። ፍም ይኑር አይኑር ሳያጣራ ሊጨምርበት ጎንበስ አለ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ከቆምንበት እግር ስር ሊደርስ ይችላል። ይህን እየጮኽሁ ስናገር «አንተ ደግሞ ፈሪ ነህ» ተባልሁ። ቅንድቡ ሲለበለብ ጨዋታው ተቀየረና ጠርሙሱ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ከቤንዚኑ ባሰብኝ፤ ፌስታል። ከዚያ የውኃ ጠርሙስ። ከዚያ ከየት እንደተገኘ የማላውቀው የጫማ ሶል። ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነበርና ሥጋ የናፈቀው ሰው ብዙ ነው፤ በጉ ታርዶ ተዘልዝሎ እየጠበቀ ነው። የሚጠበሰውም በዚሁ እሳት ላይ ነው። ጥቁር ጭስ እየወጣ፣ ፕላስቲኩ እየቀለጠ በሚንጠባጠብበት እሳት ላይ ሥጋ አስቀምጦ «ይበላል፣ ምንም አይል» ማለት ምን ዓይነት ድፍረት ነው? ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታል መለኮስ በየሰፈራችን የተለመደ ስለሆነ ነውሩ ጠፍቶናል። ሽታው እኮ በልብስ ላይ ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ የሚተነፍሰው ሰው ነው።

እንዲያውም አንዱ ጀግና ገጀራ ይዞ ወደ ጥዱ ሄደ። የቆመ፣ ሕይወት ያለው ጥድ! ጥበቃው ባይደርስበት ኖሮ ያን የመሰለ ዛፍ ቅርንጫፍ ሊመለምል ነበር። ለምን ብትሉት «ጥድ ጥሩ ይነዳል» አለ። የደረቀው ይነዳል፤ የቆመው ያው እንደ ባሕር ዛፉ ውኃ ነው። ጥበቃው የተናገሩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም፤ ግን ተገቢ ነበር።

በመጨረሻ እሳቱን ያነሣችው ደብረ ብርሃን አካባቢ ያደገች፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተነፈሰች ልጅ ናት። ቢጠይቋት ኖሮ ቀደም ብላ ትነግራቸው ነበር፤ ማን ጠየቃት! መጀመሪያ ያደረገችው ነገር የተከመረውን ሁሉ ማፍረስ ነው። እርጥቡን ወፍራም ግንድ ጎን ለጎን ደርድራ መሬቱ ላይ አነጠፈችው፤ እሳቱ በጨቀየ ሣር ላይ እንዳይቀመጥ። ከዚያ ጥበቃውን አስፈቅዳ ሞቶ ከዛፉ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ የጥድ ጭራሮ ሰበሰበች። መሬት ላይ የወደቀውን አልነካችም፤ እሱ ከላይም ከታችም ውኃ ጠጥቷል። የተንጠልጠለው ግን ዝናብ ቢመታውም የረጠበው ቆዳው ብቻ ነው። ቢላዋውን በእንጨቱ ራስ ላይ አቁማ በሌላ እንጨት እየመታች ሰነጠቀችው፤ ውስጡ ቀይና ደረቅ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ውስጠኛ ክፍል ቀጫጭን አድርጋ ፋቀች። የፋቀችውንም መሬት ላይ አልጣለችም፤ በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ። ወንዶቹ ሲያመሹ ያገኙትን ደረቅ ነገር ሁሉ ጭቃ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት።

ክብሪት በክብሪት ላይም አልጫረችም። ከቦርሳዋ ጧፍ አወጣች። ክብሪት ሰከንዶች ነድዶ ጣት ያቃጥላል፤ ጧፍ ግን ያችኑ አንዲት ቦታ ሳይናወጥ ለደቂቃዎች ያሞቃል። መጀመሪያ ፍቅፋቂው፣ ከዚያ ጭራሮው፣ ከዚያ የጣት ውፍረት ያለው፣ ከዚያ ፍልጡ። የተረገመውን ባሕር ዛፍ ደግሞ ዙሪያውን አቁማ አስደገፈችው፤ ሙቀቱ እያደረቀው ተራውን እንዲጠብቅ። በደመራ ጊዜ እንጨቱን አቁመን አስደግፈን እንደምርና በሌላው ጊዜ ሁሉ አጋድመን እንከምራለን፤ ምን ነክቶን እንደሆነ እንጃ። ያ ቁመት ዝናቡን ወደ ታች ያንሸራትታል፣ አየር ከስር ያስገባል፣ ነበልባሉን ወደ ላይ ይመራል። ሥርዓቱ እጃችን ላይ ነበር እኮ።

ነበልባሉ ሲነሣ ምን የሆነ ይመስላችኋል? ቤንዚን የደፋው ሰውዬ ከፊቱ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። በግማሽ ቅንድቡ። ልጅቱ በፎቶው ውስጥ የለችም፤ ሥጋ እንድትጠብስ ተልካለች። «እስቲ አንቺ እጅሽ ያውቃል» ተብላ። እሳቱን ስታነድ ያልታየው እውቀቷ ሥጋው ላይ ሲደርስ ታየ። አዘጋጁም «አየሽ፣ የካምፕ ደስታ ይኸው ነው» አላት። እኔ እሷን ብሆን ጧፉን አጥፍቼ ድንኳኔ ውስጥ እገባ ነበር።

ይህን ሁሉ በቡድናችን የቴሌግራም ገጽ ላይ ጻፍሁ። የደረሰኝ መልስ «ወንድማችን፣ ተፈጥሮ ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚል ነው። ተፈጥሮ አይደለም! የገጠር ቤተሰብ ማገዶውን ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት፣ ፈልጦ ጣሪያ ስር ያስገባል። የቡሄ ችቦ ቀድሞ ደርቆ፣ ታስሮ፣ ዝናብ በማይደርስበት ጥግ ይቀመጣል። እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት በዚያው ዝናብ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋትም ቡና ያፈላሉ። እናንተ ደግሞ በአንድ ቅዳሜ የምታነዱት አንድ እሳት ነው። አንድ ማዳበሪያ ጭራሮ፣ አንድ እስር ደረቅ ፍልጥ፣ አንድ ፋስ። ከዚያ በላይ የጠየቃችሁ የለም። ለድምፅ ማጉያው በአውቶቡሱ ውስጥ ሁለት ወንበር ለቅቃችሁለት ነበር፤ ማገዶ በአንዱ ወንበር ስር ይገባል።

አዘጋጁ ትናንት ማታ በውስጥ መስመር «እሺ፣ ደረቅ እንጨት ብናመጣስ፣ መንገድ ላይ ዝናብ ቢያበሰብሰው ምን እናደርጋለን?» ብሎ ጠየቀኝ። ሸራ ይባላል፣ ወዳጄ። መርካቶ ሞልቷል።